ጉንዳኖቹ የመረጡት ጠርሙስ

ስኳሬ ፈሪ ነው፤ ይህን እሱም አይክድም። ሊፍት ስለሚፈራ ስድስተኛ ፎቅ በእግሩ ይወጣል። ውሻ ስለሚፈራ አጭሩን መንገድ ትቶ በረጅሙ ይዞራል። ጠዋት የቤቱን በር ቆልፎ አምስት እርምጃ ይሄድና ተመልሶ መቆለፉን ገፋ አድርጎ ያያል፤ ከዚያ ደግሞ እንደገና አምስት ይራመድና እንደገና ይመለሳል። የሥራ ባልደረቦቹ "ፈሪ ለእናቱ" እያሉ ሲቀልዱበት፣ "እናቴ እኮ የለችም፤ ታዲያ ለማን ልሁን?" ይላቸዋል። ይስቃሉ። እሱ ግን ሲናገር ከልቡ ነው።

ፍርሃቱ መቼ እንደጀመረ በደንብ ያውቃል። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው እናቱን ትኩሳት በሰባት ቀን ወሰዳት። ያን ጊዜ ለዚያ ትኩሳት ክትባት አልነበረም፤ እስከ ዛሬም የለም። የስምንት ወር እህቱ እጁ ላይ ቀረች። ሕፃኗ ተኝታ ዝም ስትል የሞተች ይመስለዋል። ተነሥቶ ጣቱን ከአፍንጫዋ ሥር ያደርጋል፤ ትንፋሿ ሞቅ ብሎ ጣቱን እስኪነካው ድረስ እሱም አይተነፍስም። ያቺ ሕፃን ዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቷት፣ ፀጉር ሠሪ ሆና፣ ምላሷ ከመቀሷ የሚስል ሴት ወጥቷታል። የእሱ ጣት ግን ከዚያ አፍንጫ ሥር የተነሣ አይመስልም።

ክትባት የሚሠራበት ተቋም የገባው ጠርሙስ ሊያጥብ ነበር። ሌላው ሰው ሦስት ጊዜ የሚያለቀልቀውን እሱ ሰባት ጊዜ ያለቀልቃል፤ ሰባት ጊዜ አለቅልቆም ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ያየዋል። ይህን ያስተዋለችው ዶክተሯ ናት። "ይህን ያህል የሚፈራ ሰው ነው የምፈልገው" ብላ ወደ ላይ አወጣችው። መመዘን፣ መለካት፣ ማዋሃድ አስተማረችው። ዋናው ሥራው የስኳሩን ፈሳሽ ማዘጋጀት ስለሆነ ስኳሬ የሚለው ስም ወጣለት፤ እየቆየም የደሞዝ ክፍሉ ሳይቀር የእናት ያባቱን ስም ረሳው።

ዶክተሯ ስድስት ዓመት ሙሉ የነደፈችው ቫይረስ መሳይ ቅንጣት ነው። ስሙ ያስፈራል። ስኳሬም መጀመሪያ ሲሰማ ለሳምንት ያህል እጁን እየታጠበ ቆዳው ሊላጥ ደርሶ ነበር። ኋላ ግን ገባው፤ ገብቶትም ለእህቱ በእሷው ሱቅ ዕቃ አስረዳት። በፀጉር ቤቷ መስኮት ላይ ዊግ የሚደፋበት የፕላስቲክ ጭንቅላት አለ።

"ይሄን ጭንቅላት አንኳኪው" አላት። አንኳኳችው።

"ባዶ ነው" አለች።

"አየሽ፣ እውነተኛው ቫይረስ ውስጡ ተንኮል አለው፤ ራሱን የሚያባዛበት ትእዛዝ። የኛ ግን እንደዚህ ነው፤ ቅርፊት ብቻ። ስባሪዎቹን እርሾ ያመርትልናል፤ ከዚያ ማንም ሳይነካቸው ራሳቸው ተፈላልገው ይገጥሙና ኳስ ይሆናሉ። ዶክተሯ በኳሱ ላይ የትኩሳቱን ተህዋስ መልክ ትሰካበታለች። ሰውነትሽ ያያል፣ ይደነግጣል፣ ይዘጋጃል። እውነተኛው ሲመጣ 'አንተን እናውቅሃለን' ይለዋል።"

"ስለዚህ ዊጉ ነው የሚያስፈራው በላ።"

"አዎ። ነገ ደግሞ ጭንቅላቱ ያው ሆኖ የሌላ በሽታ ዊግ ይደፋበታል።"

"ስድስት ዓመት ለፍታ እኔ የምሠራውን ነው የምትሠራው" አለች እህቱ፤ እስኪበቃት ሳቀች።

ባዶው ኳስ ግን አንድ ጣጣ አለው። እስኪፈለግ ድረስ በብርቱ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ውሃ ደግሞ በረዶ ሲሆን ስለት ያወጣል። ስኳር ካለበት ስኳሩ በኳሶቹ መካከል ገብቶ እንደ ጥጥ ያቅፋቸዋል። ስኳር ከሌለ ይጨፈለቃሉ፣ እርስ በርስም ይጣበቃሉ። ዶክተሯ አንድ ጊዜ ሆን ብላ ያለ ስኳር ያቀዘቀዘችውን በስድስት ጥንቸሎች ላይ ሞክራው ነበር። አራቱ ምንም አልሆኑም። አንዷ ሁለት ቀን ምግብ ተወች። አንዷ በማግስቱ ከተኛችበት አልተነሣችም። "በዚህ የተነሣ ይሁን በሌላ አላውቅም" አለች ዶክተሯ፤ "ያላወቅሁትን ደግሞ ሰው ላይ አልወጋም።" ጥንቸሏን ከሣጥኗ ያወጣት ስኳሬ ነበር። ጆሮዋ እጁ ላይ ቀዝቃዛ ነበር፤ እንደ እርጥብ ወረቀት።

ነገሩ የተገለጠለት ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ከየሥራው የተረፈ ፈሳሽ አንድ ወር ተቀምጦ ይደፋል። የዚያን ቀን የመጨረሻውን ሙሌት፣ ማለት ክትባቱ በየብልቃጡ የተሞላበትን ሥራ፣ ቀሪዎች ሊደፋ ወደ ማጠቢያ ክፍሉ ወረደ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንደኛው ሰማያዊ ክዳን አለው፣ ሌላኛው ነጭ። በሁለቱም ውስጥ ያለው እንደ ውሃ ኩልል ያለ ነው፤ በዓይን አይለይም። በነጩ አንገት ላይ ቀጭን ጥቁር ክር የተጠመጠመ መሰለው። ጠጋ ሲል ክሩ ይንቀሳቀሳል።

ጉንዳኖች ነበሩ። ከመስኮቱ ስንጥቅ ወጥተው፣ ግድግዳውን ተከትለው፣ ሰማያዊውን ጠርሙስ ዞር ብለው ሳያዩ አልፈው፣ የነጩን አንገት ከበዋል።

ስኳሬ መጀመሪያ የተሰማው ንዴት ነበር፤ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ጉንዳን ማየት ለእሱ ነውር ነው። ጨርቅ አንሥቶ ሊጠርግ እጁን ዘረጋ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ሰማያዊ ክዳን ማለት ስኳር ያለበት ማለት ነው። ነጭ ማለት የሌለበት። ታዲያ ጉንዳን ስኳር ከሌለበት ጠርሙስ ምን ይፈልጋል?

የሰማያዊና የነጭ ክዳን ዘዴ የራሱ ነበር። የቤተ ሙከራው ሕግ ስም የሚጻፈው ጠርሙሱ ገላ ላይ ነው ይላል። "ክዳን እግር አለው፣ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይሄዳል" ትላለች ዶክተሯ። ግን ጠርሙሱ በአልኮል በተወለወለ ቁጥር ጽሕፈቱ እየለቀቀ ስላስቸገረው፣ ከሁለት ዓመት በፊት በክዳን ቀለም መለየት ጀመረ። ማንም አልከለከለው። እንዲያውም ሁለት ባልደረቦቹ ኮረጁት።

ከሁለቱም ጠርሙስ አንዳንድ ጠብታ በመስታወት ላይ አድርጎ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠ። እስኪደርቁ ቆመ። መቀመጥ አልቻለም። የሰማያዊው ጠብታ ደርቆ ነጭ ብናኝ ሆነ። የነጩን በጓንቱ ጫፍ ነካ አደረገው፤ ያዘው። ሳብ ሲያደርግ ቀጭን ክር ሠራ።

የማጠቢያውን ጠርዝ ይዞ፣ የሙሌቱን ቀን ከመጀመሪያው ጀምሮ በሐሳቡ ሄደበት። ቅንጣቱ ባለበት በየብልቃጡ ላይ የስኳሩን ፈሳሽ ሲጨምር፣ የመጀመሪያው ጠርሙስ ስልሳኛው ብልቃጥ ላይ አለቀ። ሁለተኛውን ከፈተ። የመሙያውን መርፌ የሚያጥብበትን ስኳር አልባውንም ከፈተ። ሁለቱን ክዳኖች አንድ ጨርቅ ላይ አኖራቸው። ይህን ጊዜ ከመስታወቱ ውጪ አንድ ባልደረባው ስልክ ይዞ እጁን አወዛወዘለት፤ "እህትህ ናት፣ አጣዳፊ ነው።" እህትህ ሲባል ደሙ ይረጋል። ሁለቱንም ጠርሙስ በጥድፊያ ከድኖ ወጣ።

"ወንድምጋሼ፣ ተመዘገብኩ" አለችው በስልክ።

"ምን ላይ?"

"የናንተን ክትባት መጀመሪያ ከሚወስዱት ሰዎች ጋር። ሁለተኛው ዙር ላይ ነኝ። አንተ የሠራኸው ምን ያስፈራኛል?"

ምን እንደመለሰላት አያስታውስም። ተመልሶ ገባ። ሰማያዊ ክዳን ያለውን አነሣና ከስልሳ አንድ እስከ መቶ ሃያ ያሉትን ብልቃጦች ሞላ። ሁለተኛው ሣጥን ይባላል። ለምርመራ የተወሰደው ብልቃጥ ደግሞ ቁጥር አሥራ ሁለት፣ ከመጀመሪያው ሣጥን ነበር። የአንድ ቀን ሥራ አንድ ነው ተብሎ ሁለቱም ሣጥኖች በዚያው ምርመራ አለፉ። ባለፈው ሳምንት ሃያ ሰዎች ከመጀመሪያው ሣጥን ተወጉ፤ ደህና ናቸው። ሐሙስ ጠዋት ሁለተኛው ሣጥን ተከፍቶ ሌሎች ሃያ ሰዎች ይወጋሉ። እህቱ ሦስተኛ ናት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ስኳሬ ዕድሜውን ሁሉ ሲፈራ የኖረው ከውጪ የሚመጣ ነገር ነበር። በገዛ እጁ ውስጥ አልፎ ይመጣል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ወደ ስድስተኛ ፎቅ ደረጃውን ወጣ። የዶክተሯ በር ገርበብ ብሏል። ስልክ ላይ ነች፤ ከሆስፒታሉ ጋር። "ሃያውም? አንድም ትኩሳት የለም?" ብላ ሳቀች። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም። አየችውና በእጇ ግባ አለችው። እሱ በእጁ ኋላ እመጣለሁ ብሎ ወረደ። ዝም አይነቅዝም፣ አለ ለራሱ ደረጃው ላይ። ምናልባት ጠብታዎቹን ያቀያየርኩት አሁን ይሆናል። ምናልባት ጉንዳኖቹ ሌላ ነገር ሸቷቸው ይሆናል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ይህ ሁሉ ውሸት መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ግን አልተመለሰም።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ወደ እህቱ ፀጉር ቤት ሄደ። መንገድ ላይ መላ አግኝቶ ነበር።

"መጣ ጀግናው" አለች እህቱ በመስታወቱ ውስጥ አይታው። የአንዲት ደንበኛ ፀጉር እያበጠረች ነው፤ ሌላ ደንበኛ ማድረቂያው ሥር ተቀምጣለች፤ ጥግ ላይ ጥፍር ሠሪዋ ብሩሾቿን ታጥባለች። "ምነው ፊትህ አመድ መሰለ? ውሻ አየህ?"

"ደህና ነኝ።"

"ደህና የሆነ ሰው በሥራ ሰዓት እዚህ ምን ይሠራል?"

"ጉንፋን ይዞሻል" አላት።

"ማንን?"

"አንቺን። ድምፅሽ ተዘግቷል።"

"ድምፄ የተዘጋው ከማድረቂያ ጋር ስጯጯህ ስለምውል ነው፤ ዘንድሮ ነው እንዴ ያወቅኸው?"

ማድረቂያው ሥር ያለችው ሴትዮ "ምን አለ?" ብላ ጮኸች።

"ታመሻል ይለኛል" አለች እህቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

"ወንድም ያለው ሰው ሐኪም ምን ያደርግለታል" አለች ሴትዮዋ፤ ወደ መጽሔቷ ተመለሰች።

ስኳሬ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ነገ ትኩሳት አለብኝ በያቸው። ትኩሳት ያለበትን ሰው አይወጉም።"

ማበጠሪያው ቆመ። "ዋሺ ነው የምትለኝ?"

"አንድ ቀን ብቻ።"

"እኔን አንዲት ማስቲካ ሰረቅሽ ብለህ ሱቅ ድረስ ጎትተህ ይቅርታ ያስጠየቅኸኝ ሰውዬ፣ ዋሺ ነው የምትለኝ?" ፈገግ ልትል ጀምራ ፊቱን አየችና ተወችው። "ባዶ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ? አንኳኪው አልከኝ እኮ።"

"ባዶ ነው። ግን አንቺ ቅሪ።"

"እሷ ከቀረች እኔ እገባለሁ" አለች ጥፍር ሠሪዋ ከጥግ፣ ቀና ሳትል። "አብረን ነው የተመዘገብነው። ተጠባባቂ አንደኛ ነኝ። ባለፈው ወረፋው አለፈኝ ብዬ ስናደድ ነበር።" ብሩሹን አራገፈች። "እኛ ቤት ያ ትኩሳት ሁለት ሰው ወስዷል፤ እህቴንና የእህቴን ልጅ። እባክህ አስቀርልኝ፤ ምርቃት አለህ።"

ጥፍር ሠሪዋ ይህን ያለችው በቀልድ ነበር። እህቱም "ኧረ አትመኚ፣ ቦታዬን አልለቅም" ብላ መለሰችላት። ስኳሬ ግን የጥፍር ሠሪዋን እጅ እያየ ቆሞ ቀረ። ጣቶቿ ቀጫጭን ናቸው፤ ውሃ ውስጥ ቆይተው ጫፋቸው ተጨማዷል። የጥንቸሏ ጆሮ ትዝ አለው። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ጠብታው ጓንቱን ከያዘው ጊዜ ጀምሮ ያሰበው ስለ አንዲት ሴት ብቻ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ግን ብልቃጡ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ ብልቃጥ ደግሞ ሰው አለው። ያ ሰውም ወይ ጥፍር ሠሪ ነው፣ ወይ የአንድ ፈሪ ወንድም እህት ነው።

ዞሮ ወጣ። እህቱ ማበጠሪያዋን እንደያዘች እስከ በሩ ተከተለችው።

"ወንድምጋሼ፣ ምንድነው? ንገረኝ።"

"እነግርሻለሁ።"

"አሁን።"

"ካንቺ በፊት የሚነገረው ሰው አለ" አላት።

ተቋሙ እንደደረሰ ወደ ላይ ሄደ። ሊፍት ውስጥ መግባቱን ያወቀው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ዶክተሯ ወረቀት ላይ አቀርቅራ አገኛት። አስቀድሞ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ከይቅርታ የሚጀምር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ዶክተር፣ ሁለተኛው ሣጥን ስኳር የለውም።"

መነጽሯን አወለቀች። "ማን አለ?"

"ጉንዳኖች።"

ቀልዱ እስኪያልቅ የምትጠብቅ መስላ አየችው። ቀልድ አለመሆኑን ከፊቱ ስታነብ፣ በእጇ ወንበሩን አሳየችው። አልተቀመጠም። ክዳኖቹን፣ ጨርቁን፣ ስልኩን፣ ጠብታዎቹን ነገራት።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"ትናንት፣ ስምንት ሰዓት ላይ።"

"ትናንት መጥተህ ነበር።"

"እየሳቁ ነበር" አላት።

ስልኩን አነሣች። ሆስፒታሉ ጠራ፤ አልተነሣም። እንደገና ደወለች። ስኳሬ በመስኮቱ በኩል ከታች የሚያልፉትን መኪኖች ይቆጥር ጀመር፤ ሰባት ላይ ተሳሳተና ከአንድ ጀመረ። በሦስተኛው አንዲት ነርስ አነሣች። ዶክተሯ ድምፁን ወደ ውጪ አደረገችው።

"ሁለተኛውን ሣጥን ከማቀዝቀዣ አውጥታችኋል?"

"አዎ ዶክተር፣ እንዲቀልጥ ጠዋት አወጣነው። አንዳንዶቹ ነገ አይመቸንም ስላሉ ዛሬ ከሰዓት እንጀምር ተብሎ ነበር።"

"ጀምራችኋል?"

"ተረኛዋ ናት የምታውቀው። ልያት።"

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ የጫማ ድምፅ፣ ራቅ እያለ። አንድ በር ተከፈተ። የሆነ ሰው አሳለ። ስኳሬ ትንፋሹን ያዘ። ዶክተሯ እርሳሷን በሁለት እጇ ይዛለች፤ የጣቶቿ አንጓዎች ነጥተዋል። ከሣጥኑ ስልሳ ብልቃጦች ሁለቱ ለናሙና እዚህ ስለቀሩ እዚያ መኖር ያለበት ሃምሳ ስምንት ነው። ሃምሳ ስምንት፣ አለ በልቡ። ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ስምንት።

የጫማው ድምፅ ተመለሰ።

"ዶክተር፣ ቆጥሬዋለሁ። ሃምሳ ስምንት ነው። የመጀመሪያው ሰውዬ እጅጌውን እየሰበሰበ ነበር።"

"አንድም እንዳይነካ። ሰዎቹን ወደ ቤታቸው ስደዱ። እየመጣሁ ነው።"

እርሳሷ መሰበሩን ያየችው ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው።

ከመሄዷ በፊት እዚህ ከቀሩት ሁለት ብልቃጦች አንዱን አቅልጠው የቅንጣት መጠን የሚለካው መሣሪያ ውስጥ አስገቡት። ደህና ቅንጣት በመሣሪያው ስክሪን ላይ አንድ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ ጉብታ ያወጣል። ስኳሬ ያን ጉብታ ከሩቅ ያውቀዋል። ይሄኛው እንደ ፈረሰ ካብ ወደ ጎን ተንዘራጨ። ዶክተሯ ረጅም ጊዜ አየችው። ከመጀመሪያው ሣጥንም እዚሁ ከቀሩት ሦስት ብልቃጥ ለካች፤ ሦስቱም ቀጥ ያለ ጉብታ አወጡ። ያን ጊዜ ነው ስኳሬ የተቀመጠው፤ ወንበር ላይ ሳይሆን መሬት ላይ።

"እህትህ ከሃያዎቹ አንዷ ናት፣ አይደል?" አለችው ኮቷን እየለበሰች።

"አዎ።"

"ለሷ ብለህ ነው የመጣህ?"

"ለሷስ መላ አግኝቼ ነበር" አለ። "ተጠባባቂዋ ናት ያመጣችኝ።"

አልገባትም፤ ግን አልጠየቀችውም። በሩ ላይ ዞር ብላ፣ "የሆነውን ሁሉ በገዛ እጅህ ጻፈው" አለችው። "ክዳኑንም ጻፍ። ጉንዳኑንም።"

ያን ቀን ማታ ለእህቱ ነገራት። ብትሰድበው ይቀልለው ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችውና፣ "እኔን አስቀርተህ እሷን ልታስወጋ ነበር" አለች። ለአሥራ አንድ ቀን ስልኩን አላነሣችም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ራሷ ደወለችና፣ ጥፍር ሠሪዋ "ወንድምሽ ምርቃቴን ሳይወስድ ቀረ" ማለቷን ነገረችው፤ ሌላ ምንም ሳትጨምር ዘጋች።

ሥራው አራት ወር ቆመ። አጣሪዎች መጡ፣ ጠየቁ፣ ጻፉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት አንደኛው አጣሪ ሦስት ጊዜ ነገረው፤ ሦስቱንም ጊዜ እንደ አዲስ። ይባረራል ብሎ ዕቃውን በካርቶን ሰብስቦ ነበር። አልተባረረም፤ ከሙሌት ሥራ ተነሥቶ ወደ ማጠቢያ ክፍሉ ወረደ። በተቋሙ ያሉ ክዳኖች ሁሉ አንድ ቀለም ሆኑ፤ ሰማያዊዎቹን በከረጢት አድርጎ የጣላቸው እሱ ራሱ ነው። ጉንዳኖቹን ለማጥፋት መርዝ ሊረጭ የመጣውን ሠራተኛ ግን በሩ ላይ ቆሞ፣ "የመስኮቱን ስንጥቅ ልድፈነው፤ መርዝ አያስፈልግም" ብሎ መለሰው። ሠራተኛው ለሌሎቹ ሄዶ ስኳሬ አብዷል አለ።

አዲሱ ሣጥን የተከፈተ ቀን ከእህቱ ጋር ሆስፒታል ሄደ። ሊያስቀራት አልሞከረም። ጠዋት ግን የቤቱን በር ስምንት ጊዜ ተመልሶ አይቷል።

"ጠርሙሱን ማነው ያጠበው?" አለችው እጅጌዋን እየሰበሰበች።

"እኔ።"

"ስንት ጊዜ?"

"አሥራ አራት።"

"ለፍርሃትህ ጭማሪ ተደርጎለታላ" አለች፤ ክንዷን ለነርሷ ሰጠች። ከኋላዋ ጥፍር ሠሪዋ ተራዋን እየጠበቀች ነበር።

የተወጋ ሰው ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ይታያል። ክፍሉ ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ የግድግዳ ሰዓትና የሚንጠባጠብ ቧንቧ አለ። እህቱ ከጠዋት ጀምራ ቆማ ስለዋለች ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ስኳሬ ሰዓቱን አየ። አምስት ደቂቃ። ክንዷን አየ፤ አላበጠም። ስምንት ደቂቃ። ቅንጣቶቹን በዓይነ ሕሊናው አያቸው፤ ሚሊዮን ባዶ ጭንቅላቶች በደሟ ውስጥ፣ ሁሉም የእናቱን ገዳይ መልክ አድርገው። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ደረቷ ሲነሣ አላየም መሰለው። ጃኬቷ ወፍራም ነው፤ ስለዚያ ይሆናል። ጥፍር ሠሪዋን ሊጠይቅ ፈለገ፤ አፈረ። አሥራ ሦስት።

ወንበሩን ሳያንቋቋ ጠጋ አለ። ማንም እንዳላየው አረጋግጦ ጣቱን ከአፍንጫዋ ሥር አደረገ። ጠበቀ። ትንፋሿ ሞቅ ብሎ ጣቱን ነካው።

እህቱ ዓይኗን አልገለጠችም።

"ወንድምጋሼ" አለች፣ "ጣትህ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።"